ቮልት በሸክም ቢለካ

አንድ ሰው ወደ አንደኛ ዓመት የፊዚክስ ክፍል ገብቶ «ቮልት ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ በአንድ ድምፅ ይመጣለታል፤ ሥራ ለቻርጅ ሲካፈል። «እሺ፥ ይህስ ምን ማለት ነው?» ቢል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ቀመሩን በሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ሸምድደነው መጥተናልና።

እኔ የማክሰኝት ልጅ ነኝ። ከማክሰኝት ገበያ ሽምብራ በአህያ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ገበሬ የዚህን ነገር ግማሹን ያውቀዋል። ሸክሙ እጥፍ ሲሆን ሥራውም እጥፍ ነው፤ ዳገቱም ከፍ ባለ ቁጥር እንዲሁ። ቻርጅን እንደ ሸክሙ፥ ቮልትን እንደ ከፍታው ልዩነት ቁጠሩት። አንድ ኩሎምብ ቻርጅ የ220 ቮልት ልዩነት ለማውጣት 220 ጁል ሥራ ይጠይቃል፤ ሁለት ኩሎምብ 440። መንገዱ ቢጠማዘዝም ቀጥ ቢልም፥ መነሻና መድረሻው እስካልተለወጠ ድረስ፥ የመሬትን ስበት ለማሸነፍ የሚሠራው ሥራ ያው ነው። የረጉ ቻርጆች በፈጠሩት የኤሌክትሪክ መስክም ሕጉ ይኸው ነው።

አህያዋ ግን አትስማማም፤ በሜዳም ትደክማለች! እርግጥ ነው፥ የጡንቻ ድካምና ፍትጊያ ሌላ ሒሳብ ናቸው። ኤሌክትሮንም ኔጌቲቭ ስለ ሆነ፥ ሲለቀቅ የሚሄደው ወደ ከፍተኛው ቮልት ነው፤ ሽቅብ የሚወድቅ ድንጋይ ደግሞ ማንም አላየም። ምሳሌው የሚሰበርበትን ቦታ መምህሩ ቢያሳየን ነገሩ ይበልጥ ይጠራልናል እንጂ አይበላሽም።

መጠኑንም እንየው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ነው። ከማክሰኝት እስከ ራስ ዳሸን ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት 2,500 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ አንድ ኩንታል ሽምብራ እዚያ ለማድረስ፥ ድካምና ፍትጊያው ሳይቆጠር፥ 2,450,000 ጁል ያህል ይበቃል። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ግን ይህን በ12 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። እናቶቻችን በየእንጀራ ጋገራው ስንት ኩንታል ተራራ እንደሚያወጡ አስቡት።

አንዳንድ መምህራን «ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ቃሉ የለም» ይሉናል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ማንም አልተቃወመም። ቮልትም ቮልት ይባል። የምንለምነው ቀመሩ በሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት፥ በምናስብበት ቋንቋ፥ ስለ ሸክምና ስለ ዳገት አሥር ደቂቃ እንድንነጋገር ነው። በዚህ ትምህርት ከሚወድቁት መካከል ከገጠር ከተሞች የመጡ አሉ፤ ዳገትን ግን ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።