«ጣሉት» ባዮች ሆይ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ያነባል

«ይሄ እኮ የሙዚየም ዕቃ ነው፤ ጣሉት!»

ይህችን ፍርድ ባለፈው ክረምት ከአንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሰማናት። የቤቱን ስም አንጠራም፤ እንዲህ የሚለው እሱ ብቻ አይደለምና። ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዷ ባልደረባችን አባት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስለ ትውልድ ቀያቸው ታሪክ አንድ መጽሐፍ ጽፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 (ከዚህ በኋላ የምንጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የእጅ ጽሑፋቸውን ለጸሐፊ ከፍለው በኮምፒውተር አስጻፉት። ጸሐፊዋም «ለማተሚያ ቤት እንዲህ ይሻላል» ብላ እንደ ሕትመት ፋይል አድርጋ በአራት ፍሎፒ አስረከበቻቸው። የማሳተሚያው ገንዘብ ግን ሳይገኝ ቀረ። ፍሎፒዎቹ ሳጥን ገቡ። የእጅ ጽሑፉ ቤት ሲቀየር ጠፋ። የቀረው አራቱ ፍሎፒ ብቻ ነው።

ፍሎፒ የሚጎርስ ኮምፒውተር ደግሞ በቤቱ አንድ ብቻ አለ፤ ዳንቴል ለብሶ አልጋ ሥር የተቀመጠ ፔንቲየም ቱ፣ 64 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ ዊንዶውስ 98። ይህንን ተሸክመን ነው ጥገና ቤት የሄድነው። ልጁ አንዱን ፋይል በኖትፓድ ከፈተው። ፐርሰንት ምልክት፣ ቁጥር፣ እንግሊዝኛ መሳይ ነገር ተዘረገፈ። «ቫይረስ በልቶታል» አለ። ኮምፒውተሩን አየና የሙዚየሟን ፍርድ ጨመረባት። ከዚያ ያለ ምንም እፍረት የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ይነግረን ጀመር!

ፋይሉ ግን ደህና ነበር። ፖስትስክሪፕት ነው።

እስቲ ለማያውቀው እናስረዳ። ፖስትስክሪፕት ፎቶ አይደለም፤ እንደ ዎርድ ያለ ሰነድም አይደለም። ፕሮግራም ነው። «እዚህ ቦታ ቁም፣ ይህን ፊደል በዚህ መጠን ጻፍ፣ ከዚህ እስከዚያ መስመር አስምር፣ በቃ ገጹን አሳይ» እያለ የሚያዝ ጽሑፍ። ትዕዛዙ የሚመጣው ከቁጥሮቹ በኋላ ነው፤ «ሁለትን ከሦስት ደምር» እንደምንለው ግሱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዚህ አጻጻፍ ሲንገላቱ እናያለን፤ ለእኛ ግን የቤታችን ሰዋስው ነው። ቋንቋውን ያወጣው አዶቤ ነው፤ ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ በ1982 ከዜሮክስ ወጥተው ያቋቋሙት ኩባንያ። በ1984 ቋንቋው ወጣ፤ በ1985 አፕል ሌዘርራይተር በተባለው ፕሪንተሩ ውስጥ ከትቶ ገበያ አወጣው።

አሁን «አሮጌ ኮምፒውተር አይችለውም» ለሚሉን ጥያቄ አለን። ያ የ1985 ፕሪንተር ፖስትስክሪፕትን የሚያነበው በምን ነበር? በ12 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና በ1.5 ሜጋባይት ሜሞሪ! ከዚያችው ሜሞሪ ውስጥ አንድ ሜጋባይት ያህሉን የገጹ ምስል ራሱ ይወስደዋል። በተረፈችው ፕሮግራሙን ያስኬዳል፣ ፊደል ይስላል፣ ያትማል። የአልጋ ሥሩ ፔንቲየም ሜሞሪው የዚያን ፕሪንተር ከአርባ እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ የማይችለው ማን ነው? ማሽኑ ነው ወይስ የማሽኑ ሐኪም?

ልጁ ያደረገውን ሙከራም እንንገራችሁ፤ ሙከራ አላደረገም እንዳንባል። አዲሱን የጎስትስክሪፕት ስሪት ከኢንተርኔት አውርዶ ዊንዶውስ 98 ላይ ሊጭን ሞከረ። አልጫን አለ። «አያችሁ?» አለን። አየን። ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሽማግሌ የሕፃን ጫማ አልገባቸውም ብሎ እግር የላቸውም እንደማለት ነው።

ጎስትስክሪፕት ምን እንደሆነ ደግሞ ማወቅ ይገባል። ኤል ፒተር ዶይች የተባለ ሰው በ1988 ያወጣው፣ ፖስትስክሪፕትን ያለ አዶቤ ፕሪንተር የሚተረጉም ፕሮግራም ነው። እስከ ዛሬም አለ፣ እየታደሰ ነው፤ ምንጩም ለሁሉ ክፍት ነው። እሱ ሞተሩ ነው። መስኮቱ፣ ማለትም ገጽ የምናገላብጥበት፣ አውስትራሊያዊው ራስል ላንግ የሠራው ጂኤስቪው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ መስኮቱን ብቻ ይጭንና ሞተሩን ይረሳል። ወይም ሁለቱን ይጭንና ስሪታቸው አይጣጣምም። ወይም በድሮው ዘመን ለብቻው ይወርድ የነበረውን የፊደላት ማህደር ይተዋል። ከዚያ «አልሠራም» ይላል። ለእኛ የሠራልን የዊንዶውስ 98 እኩዮች የሆኑትን የ1990ዎቹ መጨረሻ ስሪቶች ስንጭን ነው። ማሽንና ፕሮግራም በዕድሜ ይጋቡ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ተጫነ ማለት ግን ተነበበ ማለት አይደለም። የመጀመሪያውን ገጽ ስንከፍት ሃርድ ዲስኩ እንደ ሙቀጫ ይወቅጥ ጀመር። ቡና ተፈላ፣ አቦል ተጠጣ፣ ገጹ ግማሽ ላይ ነው። «ልጁ እውነቱን ነው» ያለ ከመካከላችን አልጠፋም፤ ስሙን በይሉኝታ ትተነዋል። ችግሩ ግን ማሽኑ ሳይሆን የእኛው ስስት ነበር። ጥራት ይኑረው ብለን በኢንች 300 ነጥብ፣ በሙሉ ቀለም አዝዘነዋል። አስሉት። አንድ የኤፎር ገጽ በዚህ ልክ 8.7 ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው። ለእያንዳንዷ ነጥብ 24 ቢት ቀለም ሲሰጥ 26 ሜጋባይት ይሆናል፤ ለአንድ ገጽ! ዊንዶውሱ ራሱ ከሚበላው ላይ ይህ ሲጨመር 64 ሜጋባይቱ ይሞላል፣ ማሽኑም የተረፈውን ሃርድ ዲስክ ላይ ያራግፋል። ሙቀጫው እሱ ነው። ጽሑፉ እኮ ጥቁርና ነጭ ነው! ቀለም ለማን ነው ያዘዝነው? ስክሪኑ ራሱ በኢንች 300 ነጥብ ማሳየት መቼ ቻለ? ወደ 96 ነጥብ አወረድነው፣ ቀለሙን ትተን ግራጫ አደረግነው። አንድ ሜጋባይት እንኳ አልሞላም። ለፊደል ጠርዝ ማለስለሻውንም አጠፋነው፤ እሱ እያንዳንዷን ነጥብ በቁመትም በወርድም አራት አራት ቦታ ከፋፍሎ ስለሚስል አሮጌ ፕሮሰሰርን ያደክማል። ገጹ አቦል ሳይቀዳ ወጣ።

አንዳንዱ ፋይል ደግሞ ገጽ 50ን ለማየት ከገጽ አንድ ጀምራችሁ እንድትሄዱ ያስገድዳል። ይህም የማሽን ድካም አይደለም። ፖስትስክሪፕት ፕሮግራም ስለሆነ ገጽ 50 የት እንዳለ የሚታወቀው ጸሐፊው ሶፍትዌር በየገጹ መጀመሪያ ምልክት ካስቀመጠ ብቻ ነው። ምልክት ካለው ዘላችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከሌለው እንደ ካሴት እያጠነጠናችሁ ነው። ፋይላችሁ በእርግጥ ፖስትስክሪፕት መሆኑን ማወቅ የፈለጋችሁ ደግሞ በኖትፓድ ክፈቱትና የመጀመሪያውን መስመር እዩ። ፐርሰንት፣ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያ «ፒ» እና «ኤስ» ካያችሁ ቫይረስ አልበላውም።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር እንምጣ፤ ወደ ፊደላችን። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያስገባው በ1999 በወጣው 3.0 ስሪቱ ነው። የመምህሩ ፋይል ከዚያ በአንድ ዓመት ይቀድማል። ያኔ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱ ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና የምልክት ጉራማይሌ ይሆናል። ከዚያ ዘመን የተረፈ የዎርድ ፋይል ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም። የፖስትስክሪፕት ፋይል ግን ፊደሉን በጀርባው አዝሎ ሊመጣ ይችላል። ሲታተም ፎንቱ አብሮ ከገባ፣ ማሽኑ አማርኛ ይወቅ አይወቅ፣ «ሀ» «ሀ» ሆና ትሳላለች። አብሮ ካልገባ ግን ጎስትስክሪፕት ኩሪየር የሚባለውን የላቲን ፎንት ይተካበትና እንደገና ጉራማይሌ ይሆናል፤ ያኔ የመጀመሪያውን ፎንት ማፈላለግ ነው። የእኛዋ ጸሐፊ፣ ዕድሜ ይስጣት፣ ፎንቱን አዝላዋለች።

እንዲህ ያለ ፋይል የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለቴክ የተዘጋጀውን የግዕዝ ፊደል ጥቅል ተጠቅመው የሠሩ ሰዎች ውጤታቸው የሚወጣው በአብዛኛው በዚሁ መልክ ነበር። የ1990ዎቹን የኮምፒውተር ሳይንስና የፊዚክስ ጥናት ፈልጎ የሚያውቅ ተማሪም የታመቀ የፖስትስክሪፕት ፋይል አጋጥሞታል። ስንቱ «አልከፍት አለኝ» ብሎ ትቶታል!

ተቃዋሚዎቻችን ደካማ እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ፖስትስክሪፕት ፕሮግራም ከሆነ ክፉ ፕሮግራምም ሊሆን ይችላል። ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ገብቶ ማሽን ሊያደርቅ፣ ጥበቃ ከሌለ ፋይል ሊነካ ይችላል። ማይክሮሶፍት በ2017 የዚህ ቋንቋ ወንድም የሆነውን ኢፒኤስ ከኦፊስ ያስወጣው፣ በዚሁ ቀዳዳ ጥቃት ስለገባ ነው። አፕልም በ2022 ቬንቹራን ሲያወጣ ፕሪቪው ፖስትስክሪፕት መክፈት አቆመ። ጎስትስክሪፕት ራሱ መጠበቂያውን ሳይጠየቅ እንዲበራ ያደረገው በ2019 ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ስሪቶች እናንተ ማዘዝ አለባችሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ተመልከቱ። በአዲሱ ማሽን ላይ በሩ እየተዘጋ ነው። አልጋ ሥር ያለው፣ የኢንተርኔት ገመድ የማያውቀው ፔንቲየም ላይ ደግሞ ክፉ ፋይል ቢገባ የሚሰርቀው ምን አለ? የማታውቁት ሰው የላከውን ፋይል አትክፈቱ፤ የአባታችሁን ፋይል ግን ክፈቱ።

ሌላም እንቀበላለን። ገጹ በትልልቅ ባለቀለም ፎቶ የተሞላ ከሆነ አሮጌው ማሽን ይሸነፋል፤ ያኔ ጎስትስክሪፕትን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ፤ በነፃ ነው። እኛ የአሮጌ ዕቃ አምላኪዎች አይደለንም። ይህን ጽሑፍ ራሱ የጻፍነው በላፕቶፕ ነው።

«ታዲያ ኢንተርኔት ላይ የሚቀይሩ ድረ ገጾች አሉ፣ እዚያ አትጭኑትም?» ለሚሉን ግን መልሳችን አጭር ነው። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። በማን ሰርቨር ላይ እንደሚያርፍ ለማናውቀው፣ ያውም በራሳችን የሞባይል ካርድ ከፍለን አናስረክብም። መቀየሪያው ከጎስትስክሪፕት ጋር አብሮ ይመጣል፤ የፖስትስክሪፕቱን ፋይል ተቀብሎ ፒዲኤፍ ያወጣል። እዚያው ፔንቲየም ላይ ሠራነው። ፋይሉን ከማሽኑ ለማውጣት የፈጀብን ጊዜ ይበልጣል፤ ዊንዶውስ 98 ፍላሽ ሲሰካበት ድራይቨር ይጠይቃልና ግማሽ ቀን ድራይቨር ስንፈልግ ዋልን። ከፒዲኤፉ ላይ ጽሑፉን ኮፒ ልታደርጉ ብትሞክሩ ደግሞ ያው የድሮው ጉራማይሌ ነው የሚወጣው። ለዓይን ይነበባል፣ ይታተማል፤ ለፍለጋና ለእርማት ግን እንደገና መተየብ አለበት። ይህንን ጀምረናል፤ በየሳምንቱ አስር አስር ገጽ ተከፋፍለን።

ሦስቱ ፍሎፒዎች ተነበቡ። አራተኛው አልተነበበም። ሦስት ቀን ደጋግመን ሞከርን፣ ከሌላ ሰው ሌላ የፍሎፒ ድራይቭ ተውሰን ቀየርን፣ አልሆነም። የመጨረሻዎቹ 26 ገጾች እዚያ ውስጥ ናቸው። እነዚያ ፍሎፒዎች ከአስር ዓመት በፊትም ለአንድ «ባለሙያ» ታይተው ነበር፤ ያኔም የተባለው «ተበላሽቷል፣ ጣሉት» ነው። ያኔ አራተኛውም ይነበብ ነበር ብለን እንጠረጥራለን።

60ውን ገጽ አትመን ለመምህሩ ወሰድንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ገጽ 12 ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና «ይቺን ልጅ ያኔም ነግሬያት ነበር፤ ሳታርማት ቀረች» ብለው ቀይ እስክሪብቶ ጠየቁ። የጎደሉትን 26 ገጾች ከትዝታቸው ሊነግሩን ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ቀጠሮ ይዘዋል።