«ሲስተም የለም» መልስ ሊሆን አይገባም

ከዋና ከተማው ርቆ በሚገኝ የባንክ ቅርንጫፍ ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለጉዳይ ደጋግሞ የሚሰማው መልስ «ሲስተም የለም» የሚል ነው። ጡረታቸውን ሊቀበሉ ከገጠር ቀበሌ በእግራቸው የመጡ አዛውንት ደብተራቸውን እንደያዙ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ካዝናው ውስጥ ብር አለ፤ ገንዘብ ከፋይዋም በቦታዋ አለች፤ የጎደለው ቅርንጫፉን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኘው መስመር ብቻ ነው። እርሱንም ምናልባት ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ መንገድ የሚቆፍር ማሽን በጥሶት ይሆናል።

ገመዱ መበጠሱ አደጋ ነው፤ ቅርንጫፉ በአንድ ገመድ ብቻ እንዲተማመን መደረጉ ግን ውሳኔ ነው፤ ውሳኔም ባለቤት አለው።

የተለመደው አዘረጋግ የኮከብ ቅርጽ የሚባለው፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በየራሱ መስመር ከአንድ ማዕከል ጋር የሚገናኝበት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ኔትወርክ የራቁ ወረዳዎችን በሳተላይት ከአዲስ አበባ ጋር ያስተሳሰረው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ለጊዜው ትልቅ እመርታ እንደነበር አይካድም። ይሁን እንጂ ሳተላይቱ ያለው 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ ሁለት አጎራባች ወረዳዎች በማዕከሉ በኩል ሲነጋገሩ ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ እየወረደ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ከዚህ የሚከፋው፣ ማዕከሉ የወደቀ ዕለት ሁሉም አብሮ መውደቁ ነው።

ሁሉንም ከሁሉም ጋር ማገናኘትም መፍትሔ አይደለም። 100 ቅርንጫፎችን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ለማገናኘት 100 መስመር ይበቃል፤ እርስ በርሳቸውም በቀጥታ ይገናኙ ከተባለ 4,950 ተጨማሪ መስመር ያስፈልጋል። ይህን ወጪ የሚሸከም ተቋም አናውቅም።

የሚበጀው፣ በሁለት የተለያዩ ከተሞች ሁለት የመረጃ ማዕከላት አቋቁሞ የክልል ዋና ዋና ከተሞችን እርስ በርስ ማስተሳሰር፣ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍም በተለያየ መንገድ የሚመጡ ሁለት መስመሮችን ማዘጋጀት ነው። በተለያየ መንገድ የምንለው በምክንያት ነው፤ በአንድ ቦይ የተቀበሩ ሁለት ገመዶች በአንድ ቁፋሮ ይበጠሳሉና። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ ሥራ መጀመሩ ምርጫውን አስፍቶታል፤ ሆኖም መስመሮቹ የሚያልፉበት መንገድ መለያየቱ በውሉ ላይ በግልጽ እስካልሰፈረ ድረስ ከሁለት አቅራቢዎች መግዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛ መስመር ወጪ እንደሚያስከትል እናውቃለን። ነገር ግን ተቋሙ በአንድ መስመር ብቻ በመሥራቱ ያተረፈው ገንዘብ ከማንም ኪስ ያልወጣ አይደለም፤ በየደጃፉ ተሰልፈው የሚውሉት፣ ለነገ ተቀጥረው የትራንስፖርት ሒሳብ ደግመው የሚከፍሉት ዜጎች እየከፈሉት ነው። ይህን ሸክም በማን ላይ መጣል እንደሚገባ የመወሰን ኃላፊነት የቦርድና የበላይ ሥራ አመራር እንጂ ለባለሙያዎች ወይም ለዕቃ አቅራቢ ኩባንያ የሚተው አይደለም።

ስለዚህ የተቋማት ቦርዶች ከሚቀጥለው የኔትወርክ ጨረታ በፊት የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ መስመር መነሻና መተላለፊያ በካርታ ላይ አስቀርበው እንዲመረምሩ፣ ተጠባባቂው መስመርም በሥራ ሰዓት ዋናው ሆን ተብሎ ተቋርጦ እንዲፈተሽ እንጠይቃለን። በአንድ መስመርና በአንድ ማዕከል ብቻ የተንጠለጠለ የሕዝብ አገልግሎት በጨረታ ሰነድ ላይ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም።