የእጣኑ ጥፋት አልነበረም

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም እናቴ ቤት ቡና እየተቆላ ድንገት ተነስቼ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩና «እማዬ፣ በዚህ እጣን ልትገድይኝ ነው?» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። ማጨሻውን አንስታ ወደ ኩሽና ወሰደችው። ከዚያ በኋላ እኔ በምመጣበት እሑድ እጣን አታጨስም፤ ቡናውንም ሳልደርስ ቆልታ ትጠብቀኛለች። ራስ ምታቱ ግን ቀጠሮ እንዳለው ሰው እሑድን ጠብቆ መምጣቱን አላቆመም።

ራሳችንን ባመመን ቁጥር ማይግሬን ነው ማለት አይደለም። ማይግሬን ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን የሚያም፣ ከልብ ምት ጋር አብሮ የሚመታ፣ ደረጃ ስትወጡ የሚብስ ሕመም ነው። ያቅለሸልሻል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። አንዳንዶች ሕመሙ ሳይጀምር ዓይናቸው ላይ የተሰባበረ መስመር የመሰለ ብልጭታ ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተሳተፉበት አገር አቀፍ ጥናት፣ በአገራችን ከ100 አዋቂዎች 18ቱ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን እንዳጋጠማቸው አሳይቷል። ስለዚህ እናንተን ባያማችሁ ከአጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ያመው ይሆናል።

እናቴ መጀመሪያ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ በቡና ሰጠችኝ። ትንሽ ተሻለኝ። ዳማከሴው ይሁን ቡናው ያኔ አልጠየቅሁም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሽያጭ ሲወርድ «ማስታወቂያውን ከመውቀሳችን በፊት ቁጥሩን እንይ» ብዬ የምከራከረው እኔ ነኝ። በራሴ ሲመጣ ግን ምንም ቁጥር ሳላይ እጣኑን ወነጀልኩ። ያማከርኩት ሐኪም ማስታወሻ እንድይዝ ሲነግረኝ ነው ያፈርኩት። ኤክሴል ከፍቼ የተኛሁበትንና የነቃሁበትን ሰዓት፣ የበላሁበትን፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቡናዬን፣ የወር አበባዬን ቀን፣ የወሰድኩትን መድኃኒት፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ለሁለት ወር መዘገብኩ።

በሥራ ቀን 1 ሰዓት ላይ ቁርስ እበላለሁ፤ 2 ሰዓት ላይ ቢሮ ቡና እጠጣለሁ። ቅዳሜ ግን የመጨረሻ ቡናዬ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሌሊት እስከ 7 ሰዓት አመሻለሁ፣ በነጋታው 11 ተኩል ተነስቼ ልደታ ለማርያም እሄዳለሁ፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ እህል አልቀምስም። እናቴ ቤት አቦሉ የሚቀዳው 5 ሰዓት ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ እንቅልፍ ጎድሎኛል፣ ሆዴ ባዶ ነው፣ ቡና ካገኘሁ 21 ሰዓት ሆኖኛል። ቡና የለመደ ሰው ሲያጣ ራስ ምታቱ በአብዛኛው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። አንዱ ብቻውን ቢሆን ምናልባት አልታመምም ነበር። ሦስቱ ሲደራረቡ ነው የሚጥሉኝ።

ይበልጥ የገረመኝ ግን «ማዛጋት» እና «አንገቴ ደረቀ» የሚሉት ቃላት ነበሩ። የጻፍኳቸው ገና ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ስለሆነው ነው፤ እጣኑም ቡናውም ሳይመጣ። ማይግሬን ከሕመሙ ሰዓታት አስቀድሞ በማዛጋት፣ በድካም፣ በምግብ አምሮት፣ ሽታና ብርሃን በመጥላት ሊጀምር ይችላል። ሽታ የሚቀሰቅስበት ሰው በእርግጥ አለ። እኔ ዘንድ ግን ጭሱ የሸተተኝ ሕመሙ ከጀመረኝ በኋላ ነው። «ቸኮላት በላሁና አመመኝ» የምትሉም አምሮቱ ራሱ የሕመሙ መጀመሪያ እንዳይሆን ተጠራጠሩ።

ጾም መተው አለብኝ ብዬ አልደመደምኩም፤ እሱን ከሐኪሜና ከንስሐ አባቴ ጋር ነው የተነጋገርኩት። ቅዳሜ በጊዜ መተኛት ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ቡናዬንም ቀስ በቀስ ወደ ቀን አንድ ስኒ አወረድኩ። ሁዳዴ ወይም ረመዷን ሲቃረብ እንዲሁ አስቀድሞ መቀነስ ይረዳል፤ በአንድ ቀን ቁርጥ ማድረግ ግን የከፋ ራስ ምታት መጥራት ነው።

ስለ ማስታገሻም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ፓራሲታሞል ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ማይግሬን ያለበት ሰው ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ሲወስድ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። የተቀላቀሉትና ትሪፕታን የሚባሉት ደግሞ 10 ቀን ይበቃቸዋል። የእኔ ሠንጠረዥ አንዱን ወር 13 ቀን ይል ነበር። ሕመሙ የሚደጋገምባችሁ ከሆነ እንዳይመጣ የሚከላከሉ መድኃኒቶች ስላሉ ሐኪም ጠይቁ። እህቶቼ፣ ብልጭታ የሚያሳያችሁ ዓይነት ከሆነ የወሊድ መከላከያ እንክብል ከመጀመራችሁ በፊት ይህንኑ ተናገሩ፤ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል የስትሮክ አደጋን ይጨምራል።

ድንገት እንደ መብረቅ የመታ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ አፍ የሚያስር ወይም እጅ የሚያዝል፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የመጣ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ከሆነ ግን ማስታወሻ የሚያዝበት አይደለም። ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ።

ሕመሙ እስካሁን አልጠፋም፤ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። ያለፈው እሑድ ግን ደህና ነበርኩ። ማጨሻውን ራሴ ከኩሽና አምጥቼ እናቴ ፊት አስቀመጥኩት። እጣኑን ጨምራ ጭሱ እስኪነሳ ጠበቀችና «መስኮቱን አትከፍቺም?» አለችኝ።