ካርድ የሌለው ዘፈን

ስለ ደም ግፊትና ስለ ልጆች ክትባት ብዙ ስለተጨዋወትን ዛሬ ከመድኃኒቱ ወጣ ብለን ስለ ሙዚቃ እናውጋ። በብዙዎቻችሁ ቤት ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ወይም ከአልጋ ሥር በካርቶን ውስጥ ሲዲና ካሴት እንዳለ አውቃለሁ። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ይጠግን የነበረውም ሰው ወደ ሞባይል ጥገና ዞሯል። ልጆቹ ደግሞ «ይጣልና ቦታው ይለቀቅ፤ ዘፈኑ እንደሆነ ዩቲዩብ ላይ አለ» ይላሉ።

አለ፤ አልክድም። ነገር ግን እዚህ ክልላችን ውስጥ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ዩቲዩብም፣ እንደ ሰዋስው ያሉት የአገራችን መተግበሪያዎችም ዝም ብለው ነበር። ያኔ ደብረ ታቦር ላይ እኔ ቤት የሚዘፍን ነገር ቢኖር ሲዲው ብቻ ነበር። ለዚህ ነው የሲዲ ማጫወቻዬ አምና ሥራ ሲያቆም ሲዲዎቹን ለመጣል ያልቸኮልኩት።

ሲዲዎቹ 140 ይሆናሉ፤ ከእነሱ ሌላ ሁለት ካርቶን ካሴት አለ። አብዛኛውን ደሞዝ በወጣ ቁጥር አንድ አንድ እያልኩ የገዛሁት ነው። ያኔ ሙዚቃ ቤት የሚባል ነገር ነበር፤ ሻጩ አጫውቶ ያሰማችኋል፣ ማን እንደዘፈነው ይነግራችኋል። አሁን ያለው ሞባይል ቤት ነው። ፍላሽ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ልጁ አንድ ሺህ ዘፈን ጭኖ ይሰጣችኋል። የማን እንደሆነ አትጠይቁት፤ እሱም አያውቅም።

የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር ለበዓል ሲመጣ አሮጌ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። «እትዬ፣ ይህ ሰርቨር ይወጣዋል» አለኝ። ሰርቨር የሚለው ቃል አያስደንግጣችሁ። እቤት እንዳለ የውሃ ጋን ማለት ነው፤ ውሃው አንድ ቦታ ይጠራቀማል፣ የጠማው ሁሉ በየጣሳው እየቀዳ ይጠጣል። ላፕቶፑ ጋኑ ነው፤ የየሰዉ ስልክ ጣሳው ነው። ናቪድሮም የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ጫነበት፤ 1 ቴራባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ሰካበት፤ ከዋይፋይ ሳጥኑ ጋር አገናኘው። እኔን የገረመኝ የዋይፋይ ሳጥኑ ይህን ለመሥራት ኢንተርኔት የማያስፈልገው መሆኑ ነው። መስመሩ ከተማውን ሙሉ ቢጠፋ እንኳ ከላፕቶፑ ወደ ስልኬ የሚሄደው ሙዚቃ ከቤቴ ግድግዳ ስለማይወጣ አይቋረጥም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይቆያል፤ ለሳጥኑ ግን ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ገዛን። ሃርድ ዲስክ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ቢልበት ስለሚጎዳ ይህ ወጪ የሚቆጭ አይደለም።

ስለ መጠኑ ለምትጠይቁኝ፦ ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ የሚይዝ ሲሆን አንድ ደቂቃ ሙዚቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ፍላክ በሚባለው ዓይነት ሲቀመጥ ከድምፁ ምንም ሳይጎድል ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። የእኔ 140 ሲዲ ተጠራቅሞ 50 ጊጋባይት አካባቢ ነው የሆነው፤ ሃርድ ዲስኩ ገና ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ኤምፒ3 ከዚያም ያነሰ ቦታ ይይዛል፤ ግን ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን እየቆረጠ ስለሚጥል ነው። ለስልክ ይበቃል። ለማኖር ግን ፍላክ ይሻላል፤ የተቆረጠው አይቀጠልምና።

ሲዲው የቆሸሸ እንደሆነ በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር በቀጥታ ጥረጉት፤ ዙሪያውን እያሽከረከራችሁ አትሹት። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለሚያብለጨልጨው ገጽ ነው፤ ሆኖም ድምፁ ያለበት ስስ ንብርብር ከላይኛው፣ ጽሑፍ ካለበት ገጽ ሥር ስለሆነ የላዩ ጭረት የባሰ ጠንቅ ነው። በየቤቱ ኮምፒውተር የተቀዱት ሲዲዎች ደግሞ ቀለማቸው በፀሐይ ስለሚደበዝዝ ከሁሉ በፊት እነሱን ገልብጡ።

መገልበጡ ቀላሉ ሥራ ነው። አንዱ ሲዲ አሥር ደቂቃ ባይሞላው ነው። ከባዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ሲዲ ላፕቶፑ ውስጥ ስከተው ስክሪኑ ላይ የወጣው «ትራክ 01፣ ትራክ 02፣ ትራክ 03» ብቻ ነው። ለካ አብዛኛው ሲዲ ውስጥ የዘፈንም የዘፋኝም ስም የለም! ስሙ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በኢንተርኔት ከውጭ መዝገብ ፈልጎ የሚያመጣው የታወቁትን ብቻ ነው፤ የእኛ አገር ሙዚቃ ቤቶች ያሳተሟቸውን አብዛኞቹን አያውቃቸውም።

የሚያውቃቸውን ደግሞ በጭንቅላታቸው አቆማቸው። ውጭ አገር ያለ ዘመዴ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ካዘጋጃቸው የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች ሁለቱን ልኮልኝ ነበር፤ ያሳተመው ቡዳ ሙዚክ የሚባል የፈረንሳይ ድርጅት ነው (የእኛ ቡዳ አይደለም፤ አትሸበሩ)። አንዱ የጥላሁን ገሠሠ፣ አንዱ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። ፈረንሳዮቹ ጥላሁንን በላቲን ፊደል የሚጽፉት በ«ቲ ኤል» ጀምረው ነው፤ ሌላው ሲዲዬ ላይ በ«ቲ አይ ኤል» ይጀምራል፤ እኔ ደግሞ በአማርኛ ጻፍኩት። ፕሮግራሙ ሦስት ጥላሁን አወጣልኝ። ይባስ ብሎ ልጁ ከዚህ በፊት በስልኩ ይጠቀምበት የነበረው ሌላ ፕሮግራም በመጨረሻው ስም ስለሚደረድር ጥላሁንን በአባቱ ስም ከ«ጂ» ሥር ነበር ያስቀመጠው። በእኛ አገር አባቱን ጠርቶ ልጁን የሚፈልግ ማን አለ?

ይህን ሳይ የትዝ አለኝ የጤና ጣቢያችን ካርድ ክፍል ነው። አንዲት ሴት ዘንድሮ «ዓለሚቱ» ተብላ በዐይኑ «ዓ» ትመዘገባለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጸሐፊ በአልፋው «አ» ይጽፋትና አዲስ ካርድ ይወጣላታል። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው የድሮው ካርድ ላይ ነው። ነርሷ እጅ ያለው አዲሱ ነው። ስም በትክክል መጻፍ የጸሐፊ ጣጣ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ካርድ ክፍል ሠርቶ የማያውቅ ነው። ሙዚቃውም ላይ ያው ነው፤ ፕሮግራሙ ሀሌታውን «ሀ» ከሐመሩ «ሐ»፣ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» ለያይቶ ስለሚያይ ማሕሙድን በአንዱ ጽፋችሁ በሌላው ብትፈልጉት የለም ይላችኋል። ስለዚህ አንድ ደብተር ይዤ ለእያንዳንዱ ድምፃዊ አንድ አጻጻፍ ወሰንኩ፤ በአማርኛ፣ የራሱን ስም ከአባቱ ስም አስቀድሜ። ከዚያ ውልፍት የለም።

ዓመቱንም ከወረቀቱ ሳታገናዝቡ አትመኑት። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ከአይቤክስ ባንድ ጋር ተሠርቶ በካይፋ ሪከርድስ በሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ሲዲው ላይ የምታዩት ቁጥር ግን ሲዲው የታተመበት ሊሆን ይችላል። ባንዱን፣ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ የምትጽፉበት ቦታም ፕሮግራሙ ላይ አለ። ወረቀቱ ላይ በትንንሽ ፊደል ስለሚጻፉ ከሁሉ ቀድመው የሚረሱት እነሱ ናቸው። መነጽራችሁን አድርጉና ሙሉላቸው።

በነገራችን ላይ ይህ የስም ነገር ለእኛ አካባቢ አዲስ አይደለም። አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው፤ ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። እንደሚነገረው የጣናን ማዕበል አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ፤ የጎንደር ሊቃውንት አልቀበልም ሲሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም እዚሁ ደብረ ታቦር አስፋፋው። ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ነው የሚባለው። ስሙን የወሰደው ያወጣው ሳይሆን ያስተማረው ነው። ፕሮግራሙ «አርቲስት» ብሎ ቢጠይቀኝ ማንን እንደምጽፍ እንጃ።

ወደ ካሴቱ ልምጣ። ካሴት እንደ ሲዲ አይቸኩልም፤ የአንድ ሰዓት ካሴት የሚገለበጠው በአንድ ሰዓት ነው። ደኅና ቴፕ ተውሼ ራሱን በጥጥና በአልኮል ጠረግሁት (የጤና ሰው ቤት ሁለቱም አይጠፉም፤ ብቻ አልኮሉ ሳይደርቅ ካሴት አትክተቱ)፤ የላላውን ክር በእስክሪብቶ አጠበቅሁት፤ ከቴፑ የማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ በገመድ አገናኘንና ኦዳሲቲ በሚባለው ፕሮግራም ቀዳን።

ከካሴቶቹ አንዱ ላይ በአባቴ እጅ «ሠርግ፣ 1974» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ነገር የለበትም። የወንድሜ ሠርግ ነው። ማሲንቆ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ የሴቶች ዘፈን አለ፤ የሚያወጡት እየተቀያየሩ ነው፣ የሚቀበሉት ብዙ ናቸው። ወንድሜም ሙሽራይቱም ዛሬ የሉም። የአውጪዎቹን ድምፅ እኔ አልለየሁም፤ ያኔ ተማሪ ሆኜ ርቄ ነበር።

ከቤቴ ጀርባ የሚኖሩ፣ ከ80 ዓመት ያለፋቸው አንድ እናት በዚያ ሠርግ ላይ ነበሩ። አሁን መርሳት ጀምሯቸዋል፤ ቁርስ በልተው «ዛሬ አልበላሁም» ይላሉ፤ ልጃቸውን በእህታቸው ስም ይጠራሉ። ቢሆንም በዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ የዘፈን ትዝታ ከሌላው ዘግይቶ እንደሚሄድ በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ። ስልኬን ይዤ ሄድኩና «እማማ፣ እስቲ ይህን ይስሙልኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥሎ እጃቸው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከዚያ በ12ኛው ደቂቃ ላይ አንዲት ቀጠን ያለ ድምፅ ያላት ሴት ስታወጣ «ይህቺማ እሷ ናት ልጄ! የባሏ ቤት ከወንዙ ማዶ የነበረው» አሉና ስሟን ከነአባቷ ጠሩት።

ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ቤተሰቧ እዚሁ አለ። በዓመቱ በወሊድ ምክንያት ያለፈች ሴት ናት። ያን ጊዜ የደም መፍሰስ የያዛት እናት በቃሬዛ ተይዛ ስንት ሰዓት እንደምትጓዝ የጉና ሥር ሰው ያውቀዋል። ሕፃኗ ግን ተርፋለች፤ ዛሬ አርባ ዓመት አልፏት የራሷ ልጆች አሏት። ፎቶግራፍ እንኳ የላትም።

ለልጅቷ ከመናገሬ በፊት ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ መርሳት የጀመራቸውን ሰው ቃል ብቻ ይዞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። እዚያው ሠርግ ላይ የነበሩ ሌላ እናት ፋርጣ ገጠር አሉ። የመጀመሪያዋ ያሉትን ሳልነግራቸው አሰማኋቸው፤ ያንኑ ስም ጠሩልኝ። ከዚያ በኋላ ልጅቷን አስጠራኋት። ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሰማችው። «የቷ ናት? የምታወጣዋ ናት ወይስ የምትቀበለዋ?» አለችኝ፤ ደቂቃውን አሳየኋት። ከዚያ ስልኳን አውጥታ «ላኪልኝ ሲስተር» አለች። ሌላ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

አሁን ያ ድምፅ ራሱን ችሎ ተቆርጦ፣ ስሟ ከነአባቷ ተጽፎበት፣ ዓመቱ ተሞልቶበት ተቀምጧል። የቀሩት አውጪዎች አራት ናቸው። ሁለቱን አውቀናቸዋል። አንዷ ላይ ሁለቱ እናቶች አልተስማሙም፤ «ያልተረጋገጠ» ብዬ ሁለቱንም ስም ጻፍኩ። አራተኛዋ «ያልታወቀች ሴት፣ 31ኛው ደቂቃ» ተብላ አለች፤ የምትጠየቅ አሮጊት ስላላጣሁ አልዘጋኋትም።

ሰሞኑን ነገሩ ተወርቶ ጎረቤት ሁሉ «ለእኛም ገልብጪልን» እያለ ነው። የሠርጉን ለባለቤቶቹ በደስታ። የተገዛውን ሲዲ ግን አይሆንም እላለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሰው ለራሱ ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ቢያደርግ አይከለክለውም፤ ለሰፈር ማባዛት ሌላ ነገር ነው። ድምፃውያኑ በካሴትና በሲዲ ቅጂ ስንት ዓመት እንደተጎዱ እናውቃለን። የራሳችሁን ሲዲ ይዛችሁ ኑ፣ ቡናው ከእኔ።

ሃርድ ዲስክ ይሞታል፤ ቀን አይቆርጥም፣ ሲታመምም ሁልጊዜ አይነግርም። ስለዚህ የሁሉም ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ባሕር ዳር የእህቴ ልጅ ዘንድ አለ፤ በበዓል ሲመጣ አዲሱን ይጨምርበታል። እዚሁ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለተኛ ማስቀመጥ ለእሳትም ለሌባም አይበቃም። የስም ደብተሬንም ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተን አብረን አስቀምጠነዋል።

ሲዲዎቹን ከገለበጣችሁ በኋላ ፕላስቲኩ ቦታ ከያዘባችሁ ፕላስቲኩን ጣሉ። ሲዲውንና ወረቀቱን ግን በፖስታ አድርጋችሁ አቆዩ። የሠርግና የተዝካር ካሴት ያላችሁ ደግሞ ከሲዲው በፊት እሱን አስቀድሙ፤ ሲዲው ሌላ ሰውም ቤት ይኖራል። እናቶቹን የምትጠይቁት ጠዋት ይሁን፣ ቁርስ ከበሉ በኋላ። ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል።