ለሳምንቱ ቻሌንጅ የማን ፊት?

የሳምንቱ ርዕስ «ሥራ» ወይም «መንገድ» ሲባል ስልካችንን ይዘን ወዴት ነው የምንሮጠው? ወደ ሊስትሮው፣ ወደ ጉልት ሻጯ። የሳምንት የፎቶ ቻሌንጅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኢንስታግራም ራሱ ዓርብ ርዕስ አውጥቶ ሰኞ የተመረጡትን ያሳይ ነበር። ደግሞ ይጠቅማል፣ ውድ ካሜራ ሳትገዙ ዓይናችሁን ታሠለጥናላችሁ።

ጥያቄው ፊቱ የማን ነው የሚለው ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለታዋቂ ሰው፣ ለባለሥልጣን፣ ሕዝብን ለሚመለከት ክስተት በር ይከፍታል። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትደረድር እናት ግን ታዋቂም ባለሥልጣንም አይደለችም። «መንገድ ላይ እኮ ነው፣ ምን ችግር አለው?» የምንለው ከውጭ ቪዲዮ የለመድነው ነው፤ እዚህ ሕጉ ሌላ ነው።

ሌላም አለ። ኢንስታግራም ላይ የለጠፋችሁት ፎቶ የእናንተው ነው፤ ኩባንያው ግን በነፃ እንዲጠቀምበት፣ ለሌላም እንዲያስተላልፈው ፈቅዳችኋል። አካውንት ስትከፍቱ «እስማማለሁ» ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እሷ በምኑም አልተስማማችም፣ ምናልባት ፎቶው መነሳቱንም አታውቅም።

ስትጠይቀው ሰው ይደርቃል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይደርቃል (እኔም ካሜራ ሲዞርብኝ እንጨት ነው የምሆነው)። እንግዲያው አንሱና ወዲያው አሳይታችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለች እዚያው ፊቷ ሰርዙት፤ «ሥራ» ለሚለው ርዕስ የቲማቲሙ መደብ ይበቃል።