አውሮፕላኑ ተቆጠረ፤ ሰዎቹስ?

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ስለ ዝሆኖቹ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ሞልቷል፤ ስለ ሣሩ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ይህን እንድል ያደረገኝ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በቀይ ባሕርና በየመን የሆነው ነገር ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ማለት በባሕር ላይ የሚሄድ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የአሜሪካ ትልልቆቹ መርከቦች እያንዳንዳቸው 60 እና ከዚያ በላይ ተዋጊ ጄቶች፣ የቅኝት አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ይጭናሉ። ይህ የአየር ኃይል ስብስብ ኤር ዊንግ ይባላል። ከአብራሪው እስከ መካኒኩና ምግብ አብሳዩ ድረስ ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ ሰው በአንድ መርከብ ላይ ይኖራል። እያንዳንዱ መርከብ የራሱ መነሻ ወደብና የተለመደ የሥራ ቀጠና አለው። ከዚያ ቀጠና ወጥቶ ወደ ሌላ ባሕር ሲላክ ዓለም አቀፍ ዜና ይሆናል።

የየመን ሁቲዎች ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን የንግድ መርከብ ከያዙ በኋላ የሆነውም ይኸው ነው። መነሻው ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ የሆነው አይዘንሃወር ወደ ቀይ ባሕር ገባ፤ ወደ ቤቱ የተመለሰው ከዘጠኝ ወር ቆይታ በኋላ ነበር። ከእሱ በኋላ በተራው ሃሪ ትሩማን መጣ። አሜሪካ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በሁቲዎች ላይ ሰፊ የአየር ዘመቻ ስትጀምር ደግሞ አንድ መርከብ አልበቃ አለና በፓስፊክ በኩል የነበረው ካርል ቪንሰን አውሮፕላኖቹን ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። እስያ አካባቢ ይጠበቅ የነበረው ኃይል ከእኛ ጎረቤት ባሕር ደረሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንድ ቀን ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ ትሩማን ላይ በጎታች ተሽከርካሪ ሲንቀሳቀስ የነበረ ኤፍ ኤ-18 ሱፐር ሆርኔት ከነተሽከርካሪው ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሁለተኛው፣ በሰሜን የመን ሰዓዳ በምትባለው ከተማ አፍሪካውያን ስደተኞች የታሰሩበት ማዕከል በአሜሪካ የአየር ጥቃት ተመታ። የሁቲ ባለሥልጣናት መጀመሪያ በሰጡት መግለጫ 68 ሰዎች ሞተዋል፣ 47 ቆስለዋል አሉ። የአሜሪካ ጦር በበኩሉ ስለ ጉዳቱ የቀረበውን ክስ እያጣራ መሆኑን ተናገረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኋላ ከጥቃቱ የተረፉ ኢትዮጵያውያንን አነጋግሮ ድርጊቱ እንደ ጦር ወንጀል ሊመረመር ይገባል ብሏል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዘመቻው ከመርከቦቹ አውሮፕላኖች ሌላ ከመሬት የሚነሡ ቦምብ ጣዮችም ነበሩ። ስለዚህ ማዕከሉን የመታው ከመርከብ የተነሣ አውሮፕላን ነው ብሎ መጻፍ ተገቢ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሁለቱ ዜናዎች እንዴት ተጻፉ?

ባሕር የገባውን አውሮፕላን በተመለከተ ሁሉንም ነገር አወቅን። ሞዴሉን፣ የየትኛው ስኳድሮን እንደሆነ፣ ዋጋው ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን፣ አንድ መርከበኛ ቀላል ጉዳት እንደደረሰበት፣ ሌሎቹ ሁሉ ተቆጥረው ደኅና መሆናቸውን ሰማን። ጥሩ ነው፤ ሰው ሲተርፍ ደስ ይላል። የሰዓዳዎቹስ? "አፍሪካውያን ስደተኞች" ተብለው አለፉ። ስማቸው የለም፣ ወረዳቸው የለም፣ የማን ልጅ እንደሆኑ የለም። አውሮፕላን ቁጥርና ዋጋ ሲኖረው ሰው ጠቅላላ ስም ብቻ ቀረለት። ወሬውን ያገኘነው ከውጭ የዜና ወኪሎች ስለሆነ እነሱ በሰጡት ቅደም ተከተል ተቀበልነው፤ በዚያው ቅደም ተከተል አነበብነው።

"ታዲያ እኛ ምን አገባን? የሆሳዕናና የዱራሜ ልጅ የሚሄደው በየመን ሳይሆን በኬንያ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከሐዲያና ከከምባታ በብዛት የሚሄደው በደቡቡ መንገድ ነው። ግን በዚያኛው መንገድስ ዜናው ተለየ? መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ሲገኙ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ፤ አብዛኛው ዜና እዚያው ቆመ። መንገዱ ይለያይ እንጂ አጻጻፉ አንድ ነው። ደግሞም ልጁ ስልክ ሳይደውል የከረመበት ቤተሰብ ምሥራቅና ደቡብ ብሎ አይመርጥም፤ ሁሉንም ዜና በጭንቀት ነው የሚሰማው።

የቀይ ባሕር ጉዳይ በሌላ በኩልም ቤታችን ይገባል። የአገራችን የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ብዙ መርከቦች ጥቃቱን ፈርተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው ሲሄዱ ጉዞው ከሳምንት በላይ ይረዝማል፣ የጭነት ክፍያው ይንራል። በሾኔም ሆነ በአንጋጫ ስንዴ የሚዘራ ገበሬ የሚጠብቀው ማዳበሪያ የሚመጣው ባሕር ተሻግሮ ነው። ስለዚህ የጦር መርከብ ቦታ መቀየሩ "የውጭ ዜና" በሚለው ዓምድ ሥር ብቻ የሚቀመጥ ጉዳይ አይደለም።

በእኔ እምነት ትምህርት ክፍላችን ከዚህ መጀመር ይችላል። አንደኛ፣ የውጭ ዜና ስንለማመድ ከእንግሊዝኛ መመለስ ብቻ አይበቃም፤ ዜናው እኛ አካባቢ የሚነካውን ሰው ፈልጎ ማነጋገር የመልመጃው አካል ይሁን። ሁለተኛ፣ "ሕገ ወጥ ስደተኛ" የምንለውን ቃል እንመርምረው። ሰው ድንበር በማቋረጡ ሕግ ጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ሲሞት ግን ከስሙ በፊት ወንጀሉን መጥራት ምን ይባላል? ሦስተኛ፣ በሐዲይሳና በከምባትሳ እንጻፍ፣ እንዘግብ። ልጇን የምትጠብቅ እናት ዜናውን በምትሰማው ቋንቋ ማግኘት አለባት።

ይህ ሲባል ማይክራፎን ይዞ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ መግባት ማለት አይደለም። ቤተሰብ ሳይፈቅድ ስም አይወጣም፣ የሬሳ ፎቶ አይለጠፍም። አንዳንዱ ቤተሰብ ደላላውን ይፈራል፣ አንዳንዱ የብድር ጣጣ አለበት፤ ዝም ማለት መብቱ ነው። ግን ማንም ሳይጠይቀው ዝም ያለና ተጠይቆ አልናገርም ያለ ሰው አንድ አይደሉም። እኛ እስካሁን አልጠየቅንም።

ትሩማን ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ኖርፎክ ተመለሰ። መርከበኞቹን ቤተሰቦቻቸው ወደቡ ላይ ቆመው ተቀበሏቸው፤ ፎቶውም ታተመ። ሰዓዳ የቀሩትን ልጆች የሚጠብቁ ቤተሰቦችም አሉ። እነሱን ፈልጎ ማግኘት የሩቅ አገር የዜና ወኪል ሥራ ነው ብለን ከተውነው ማንም አይፈልጋቸውም።

ቸር ወሬ ያሰማን!