የነጋዴ ስም በካሚዮን ጀርባ ላይ

በሁለተኛው አባ ጅፋር ዘመን ወደ ሂርማታ ገበያ ይመጡ የነበሩት ሲራራ ነጋዴዎች ስማቸውን በበቅሎ ጭነት ላይ አይጽፉም ነበር፤ ገዥ የሚለያቸው በመልካቸውና በሚዛናቸው ነበርና። ዛሬ ግን ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ቡና ጭኖ በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ካሚዮን፣ ከጅማ ወዲያ ብቻ እንኳ 350 ኪሎ ሜትር ያህል የባለቤቱን ስም ተሸክሞ ይጓዛል። ባለቤቱን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የሰኮሩ፣ የወልቂጤና የወሊሶ ሰዎች ስሙን ያነቡለታል፤ የሚነበብ ሆኖ ከተጻፈ ማለት ነው።

አብዛኛው ነጋዴ ለማስታወቂያ የሚመርጠው የመኪናውን ጎን ነው። ጎኑ ሰፊ ስለሆነ የድርጅቱ ስም፣ የሸቀጡ ዝርዝር፣ አራት የስልክ ቁጥር፣ የቡና ዘለላና የጀበና ሥዕል ሳይቀር ይሰፍርበታል። ይሁን እንጂ የሚሮጥን መኪና ጎን የሚያይ ሰው ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። በአንጻሩ የጊቤን ሸለቆ አቀበት እያቃሰተ የሚወጣ ካሚዮን አውቶቡሱንም ሚኒባሱንም ከኋላው አስከትሎ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ያን ጊዜ የተከታዮቹ ሁሉ ዓይን በጀርባው ላይ ያርፋል። በጀርባው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ጭቃና የላላ ገመድ ነው! ስም፣ የሚሸጠው ዕቃ፣ ከተማና አንድ የስልክ ቁጥር በዚያ ቦታ ቢጻፉ ይበቃሉ።

ስለ ፊደሉ መጠን የውጭ አገር ሰሌዳ ጸሐፊዎች የቆየ ልማድ አላቸው፤ ለየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ይመድባሉ። እንግዲህ ከ30 ሜትር በደንብ እንዲነበብ የተፈለገ ስም 25 ሳንቲ ሜትር ይሻል። ይህ ልክ ለላቲን ፊደል የወጣ ስለሆነ ለአማርኛው ጭማሪ ያስፈልጋል። «ሊ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት፤ እርሷ ከቀጠነች ወይም አቧራ ከሸፈናት ሊሙ የተባለው አገር «ሉሙ» ሆኖ ይቀራል። ሐረግና ጥላ የበዛበት ጽሕፈትም ከሩቅ ይደበዝዛል። በአፋን ኦሮሞ መጻፍም ለጅማ ገዥ ተገቢ አክብሮት ነው፤ የኋላ በሩ ሁለት ክፋይ ለሆነ መኪና አንዱን ክፋይ ለአንዱ ቋንቋ መስጠት ሁለቱንም ከመጨናነቅ ያድናል።

ቀለምን በተመለከተ የጅማን ቀይ አፈር መርሳት አይገባም። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው የመኪናውን የታችኛ ክፍል ስለሚሸፍን ጽሑፉ ወደ ላይ ከፍ ማለት አለበት። በቀይ የተጻፈ ስም ከአፈሩ ጋር ይመሳሰላል፤ በጥቁር ወይም በደማቅ አረንጓዴ ላይ የሰፈረ ቢጫ ይሻላል። አሁን የተለመደው ስቲከር ዝገቱ ባልተጠረገ ብረት ላይ ከተለጠፈ ብዙ ሳይቆይ ይላጣል፤ በሸራ ላይ ደግሞ ከናካቴው አይያዝም። ስለዚህ የሸራ ለባሽ ካሚዮን ባለቤት ቀለም ቀቢውን ባያሰናብት ይመረጣል።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ያዛል። ስለ ሸቀጡ ጥራት የሚጻፈውን ሁሉም ይጠነቀቅለታል፤ የሚዘነጋው የተሸጠ መኪና ነው። ስሙን ሳያስፍቅ ካሚዮኑን የሸጠ ነጋዴ፣ አዲሱ ባለቤት በዚያው መኪና እርጥብ ቡና ቢያስረክብ ወቀሳው ተመልሶ የሚመጣው ወደ እርሱ ደጃፍ ነው። የማስፋቂያው ዋጋ በሽያጩ ውል ውስጥ ቢገባና መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ሥራው ቢፈጸም ለሁለቱም ወገን ይበጃል።